«አሳታሚ የለም» ለሚሉ ባለቅኔዎች

«አሳታሚ ሳይገኝ ግጥም ምን ይፈይዳል?» የሚለው የስደተኛ ባለቅኔ ሰበብ ሊጋለጥ ይገባል። ሆላንድ በናዚ መዳፍ ሥር በነበረችበት በ1943 እ.ኤ.አ. የዩትሬክት ተማሪዎች፣ ያን ካምፐርት ስለ አሥራ ስምንት ሰማዕታት የገጠመውን በኅቡዕ አትመው ሸጡ፤ ገንዘቡ የአይሁድ ሕፃናት መሸሸጊያ ሆነ። ከዚያች አንዲት ወረቀት የአምስተርዳሙ አሳታሚ ደ ቤዚኸ ቤይ ተወለደ። በናዚ ካምፕ በሞተው ባለቅኔ ስምም ዘ ሄግ ዛሬ የግጥም ሽልማት ይሰጣል።

እኛስ? በ1970 የተጀመረው የሮተርዳም ዓለም አቀፍ የግጥም ፌስቲቫል እስኪጠራን፣ ተርጓሚ እስኪራራልን እንጠብቃለን! ትርጉምን አልነቅፍም። በአማርኛ የሚያነብ ወገን እያለን ግን ለባዕድ ጆሮ ብቻ መግጠም ልመና ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 በስደት አረፈ፤ የግጥም መድበሉ የወጣው ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ማባዣ አለ፤ መሳቢያችሁን ክፈቱ!