ለሥራ አጡ የገጠር ወጣት፦ ድጎማ ወይስ ሙያ?

ጫግኒ (ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን)፦ በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለደው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ጎጆ ወጥቷል፤ እጁ የሚገባው መሬት ግን ከአባቱ ማሳ የሚቆረስለት ብቻ ነው። የጓንጓ ወረዳ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ወገኖች ጫግኒ ራንች በተጠለሉ ጊዜም የቀን ሥራ ፈላጊው በዝቶ እንደነበረ ይታወሳል።

በመሆኑም፣ መንግሥት ለሥራ አጡ ገንዘብ ቢሰጥስ የሚል ጥያቄ ይነሳል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1911፣ ጀርመን በ1927 የሥራ አጥነት መድን በሕግ ደንግገዋል። ይሁንና የዚህ መድን ምንጭ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ላይ የሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ መድን የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያስገኘው ተቀጥሮ ለሠራ ሰው ነው። አሠሪም ደመወዝም ኖሮት የማያውቅ የገበሬ ልጅ ከዚህ ድርሻ የለውም።

ታዲያ ሥልጠና ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። ድኃው ወጣት ለወራት ሲሠለጥን የዕለት ጉርሱን ከየት ያገኛል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልያዘ ሥልጠና የሚጠቅመው ቀድሞውንም ቤቱ የሞላለትን ነው።

በዚህ ረገድ ከሁለት ተሞክሮዎች ትምህርት ይገኛል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ምግብ ያልተሟላላቸውን የገጠር ቤተሰቦች ሲረዳ፣ መሥራት የሚችለውን በእርከንና በመንገድ ሥራ አሰማርቶ፣ አቅም የሌለውን ግን በቀጥታ ደግፎ ነው። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረበት። ተጠቃሚው ለ3 ዓመት በአካባቢ ልማት እየሠራ ይከፈለዋል፤ ከሚያገኘው ላይ ይቆጥባል፤ በመጨረሻም ሥልጠናና የመነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። ይኸውም የዕለት ጉርስ፣ ቁጠባ፣ ሙያና መነሻ ገንዘብ በአንድ ገመድ ተያይዘው መሄዳቸው ነው። አንዱ ከጎደለ ሌላው አይጸናም።

በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም የብድር በር ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ሙያ የሌለው ሰው የወሰደው ብድር ዕዳ ነው፤ መሣሪያ የሌለው ሠልጣኝ የምስክር ወረቀትም ሣጥን ውስጥ የሚቀር ወረቀት ነው።

የሙያ ምርጫውም ጥንቃቄ ይሻል። በደጋማው አዊ በፋግታ ለኮማ ደከረንስ ችግኝ ከማፍላት እስከ ከሰል ማክሰል ለብዙ ወጣት ሥራ ፈጥሮ ነበር፤ ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን በአንድ ምርት ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል ታየ። በቆላማውና በወይና ደጋው ጓንጓ በቆሎ፣ በርበሬ፣ ማንጎና ማር አለ። ስለዚህ የበቆሎ መፈልፈያና የውኃ መሳቢያ ሞተር ጥገና፣ የማንጎ ችግኝ ማዳቀል፣ ዘመናዊ ቀፎ መሥራትና ንብ ማነብ ገበያቸው ደጃፍ ላይ ያለ ሙያዎች ናቸው።

እዚህ ላይ የማኅበራት መሪዎች ኃላፊነት ይመጣል። አንደኛ፣ ሠልጣኝ የሚመረጠው በዘመድና በትውውቅ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ስሙ ተነቦ መሆን አለበት፤ መሬት የሌላቸውና ሴቶች ልጆች ይቅደሙ። ሁለተኛ፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት መሣሪያው ከየት እንደሚገኝና የመሥሪያ ቦታው የት እንደሆነ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ሠልጥኖ የተመለሰው ወጣት የመጀመሪያ ደንበኛው የራሱ ማኅበር ይሁን፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መፈልፈያ ሲሰበር የመንደሩ ልጅ እያለ ጠጋኝ ከሩቅ ከተማ መጥራት አይገባም። አራተኛ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቱ በሙያው እንደሚኖር ተቆጥሮ ለጉባኤው ይነገር።

የሠለጠነው ብዛት በሪፖርት ላይ ያምራል። ሥልጠናው ግን የሚመዘነው በሙያው እንጀራ በበላው ሰው ቁጥር ነው።