ለምርመራ የሚሰጥ ፈቃድ ከወር ወር አይተላለፍ





ነፍሰ ጡር የሆነች የሥራ ባልደረባችን ከአልትራሳውንድ ምርመራ ስትመለስ የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወንድ ነው ሴት?» እንላታለን። በደስታዋ መደሰታችን መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው የታሰበው ለዚህ አልነበረም። የግላስጎው ከተማ ሐኪም ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 በድምፅ ሞገድ የሆድን ውስጥ ለማየት እንደሚቻል በጽሑፍ ሲያስታውቁ የፈለጉት ሕመምን ለይቶ ማወቅ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር 24ኛው ሳምንት ከመድረሱ በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። በተለይ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የጽንሱን አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰር፣ ልብ፣ ኩላሊትና እጅ እግር አንድ በአንድ ለመመልከት ይቻላል።

«እግዚአብሔር የፈጠረውን ምን ይመረምሩታል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። መልሱ አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ሳይዘጋ የሚወለድ ሕፃን ቁስሉ እንዳይመረቅዝ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ጉድለቱ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ እናቲቱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ካለበት ሆስፒታል እንድትወልድ ይደረጋል፤ ወላጆችም ከሐኪማቸው ጋር ተማክረው ለመወሰን ጊዜ ያገኛሉ። ሳይታወቅ ከቀረ ግን ድንጋጤውም ሩጫውም የሚመጣው በወሊዱ ዕለት ነው።

እርግጥ ነው፣ መሣሪያው ሁሉን አያይም። «ደኅና ነው» መባል ዋስትና አይሆንም፤ «ያጠራጥራል» መባልም ፍርድ አይደለም፤ በልዩ ሐኪም እንደገና መታየት ይገባል። ስለዚህ መርማሪው ያየውንም ያላየውንም ለእናቲቱ በሚገባት ቋንቋ ቢነግራት መልካም ነው።

ዋናው ማሳሰቢያዬ ግን ለእኛ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት ለሕክምና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንደሚሰጣት ደንግጎ ነበር። ሆኖም አንዳንድ የክፍል ኃላፊ ግማሽ ቀን ስትጠይቀው «ይህ ሪፖርት ይለቅና በሚመጣው ወር ትሄጃለሽ» ሲላት ይሰማል። ሪፖርት ከወር ወር ይተላለፋል፤ ጽንስ ግን አይጠብቅም። ያ አንድ ወር ካለፈ ምርመራው የሚጠቅምበት ጊዜ አብሮት ያልፋል።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊዎች ፈቃዱን ሳያጉላሉ እንዲሰጡ፣ ባሎችም ሚስቶቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ፣ እኛም ባልደረቦቿ ስትመለስ ከሁሉ አስቀድመን ስለ ጤናዋ እንድንጠይቃት አሳስባለሁ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ