«ተኩስ አቁም» ማንን ነው የሚያዘው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ነው፤ የሰዋስው ትምህርት ግን እንዳይመስላችሁ። ግሷ «ሲስ» ትባላለች፤ ማቆም፣ መተው ማለት ናት። (መጨረሻዋን አንዘርዝረው «ሲዝ» ካሏት ደግሞ መያዝ፣ መንጠቅ ትሆናለች። በጦርነት ጊዜ ሁለቱ ምን ያህል ጎረቤታሞች እንደሆኑ ለማወቅ የእኛ አገር ሰው አስተማሪ አያሻውም።)

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ነው። የመጨረሻ ሥሩ «ኬዴሬ» ሲሆን፣ ትርጉሙም ገለል ማለት፣ ለሌላው መልቀቅ ነው። ግሱ እንግዲህ አድራጊውን ይዞ ነው የተወለደው፤ ከነገሩ የሚርቀው አድራጊው ራሱ ነው።

እኛስ ምን ብለን ተረጎምነው? «ተኩስ አቁም» አልነው። «አቁም» ለአንድ ወንድ፣ ለ«አንተ» የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። በእርግጥ የእንግሊዞቹም አነጋገር መነሻው የጦር ሜዳ ትእዛዝ ነው፤ በዚህ እኛን ብቻ መውቀስ አይገባም። የእኛ ችግር ትእዛዙ ዘወትር ለሌላው መሆኑ ነው። «አንተ አቁም» የሚል ሞልቷል፤ «እኔ ትቻለሁ» የሚል ግን የለም። ደግሞም «አቆመ» ማለት እንዲቆም አደረገ ማለት ነው፤ ምሰሶም ይቆማል፣ መኪናም ይቆማል። የቆመ መኪና ሞተሩ ሲነሣ ይሄዳል። ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የተናጠል ተኩስ አቁም ታወጀ፤ ጦርነቱ ግን ቀጠለ። መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ለሰብዓዊነት ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ግጭት ማቆም ተባለ፤ ነሐሴ 18 ቀን ተኩሱ እንደገና ተከፈተ። ያልተወሰነው ጊዜ አምስት ወር ሆነ!

የአልጀርስን ሰነዶች የተመለከተ ሰው የግስ ምርጫ ቀልድ እንዳልሆነ ይረዳል። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. የፈረሙት ግጭት ስለ ማቆም ነበር፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ግን «ሲስ» ቀርታ «ተርሚኔት» መጣች፣ ለዘለቄታው መፈጸም፣ መቋጨት። ይህች ግስ ከላቲኑ የድንበር ድንጋይ ስም የወጣች ናት። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ዓ.ም. ወሰነ፣ ድንጋዩ ግን ባድመ ላይ ሳይተከል ቀረ፤ ሁለቱ አገሮችም እስከ 2010 ዓ.ም. ተኳርፈው ኖሩ። ጠንካራ ግስ ብቻውን ሰላም አያመጣም የሚለኝ ካለ እኔም እስማማለሁ። ቢሆንም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ወደ «ሲስ» ተመለስን፤ «በዘላቂነት» የሚል ቃል ተለጠፈላትና ተፈረመ። አድራጊዎቹ እነማን ነበሩ? የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት። ኤርትራ አልፈረመችም፤ የአማራ ታጣቂዎችም አልፈረሙም። ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ አማራ ክልል ውስጥ ተነሣ።

አማርኛ እኮ ግስ አላጣም። አገደ፣ ገታ፣ አቋረጠ፣ ጋብ አለ እያልን መቁጠር እንችላለን። ከሁሉም ለ«ኬዴሬ» የሚቀርበው ግን «ተወ» ነው። የተወ ሰው በእጁ ያለውን ለቋል፤ «ተውኩልህ» ሲል ይቅርታም አለበት። ፖለቲከኞቻችን የሚሸሹትም ለዚሁ ይመስለኛል፤ መተው መሸነፍ ይመስላቸዋል። ይህን የምጽፈው ከእምድብር ነው። እዚህ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ የሚታወቅበት አገር ነው፤ ደም የፈሰሰበት ጉዳይ በሽማግሌ ፊት ሲታይ በዳይ «አቁሜያለሁ» ብሎ አይሰናበትም። ማድረጉን ያምናል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ቂሙ እንዲቀር ከተበዳይ ወገን ጋር ይታረቃል። ሽማግሌዎቹን የሚያስጨንቃቸው የእጁ መቆም ሳይሆን የልቡ መተው ነው።

«ሕግ ልብን አይመረምርም» የሚል የሕግ ባለሙያ ወዳጅ አለኝ። ልብን ይተወው፤ ባለቤቱን ግን ይጻፍ። ነገ በአማራም ሆነ በኦሮሚያ ክልል ጉዳይ ጠረጴዛ የሚከብ ተደራዳሪ የአማርኛውን ቅጂ ሲያረቅ «ተኩስ ይቆማል» በሚል ባለቤት አልባ ዐረፍተ ነገር እንዳያልፍ። የሚተኩሱትን ሁሉ በየስማቸው ጠርቶ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንደተዉ፣ ከየት እንደለቀቁ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያስፈርማቸው።