ደላላው ብቻውን አይደለም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



የአገርን ድንበር እያለፈ ስለሚሠራ ወንጀል ሲነገር ብዙዎቻችን የምናስበው የሩቅ አገር ወንበዴዎችን፣ የጦር መሣሪያና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎችን ነው። ይህ ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር ጋር ምን አገናኘው የሚልም አይጠፋም። እኔ ግን የዚህ ወንጀል ከሁሉ የከፋው ዐይነት፣ ማለትም በሰው መነገድ፣ የሚጀመረው በባሕር ላይ ወይም በበረሃ ሳይሆን በየሰፈራችን፣ ቡና ተጠጥቶ፣ በመልካም ቃል መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ።

በሰው መነገድ ለአውራጃችን እንግዳ ነገር አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) አንኮበር የሸዋ መናገሻ ሳለች፣ ከሥርዋ ወደ ቆላው የምትገኘው አልዩ አምባ ታላቅ የገበያ ከተማ ነበረች። ከዚያ የሚነሣው የግመል ሲራራ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ ጭኖ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ ወደ ታጁራ ይወርድ ነበር። ከዕቃው ጋርም ሰው ይነዳ ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በሚባለው ስፍራ የባሪያ ገበያ እንደ ነበረ፣ በ1833 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሐሪስ ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ገልጦታል። በሌላ አገር ተይዘው የመጡ ልጆች በዚያ እየተሸጡ፣ ከታጁራ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ከዚህም ነጋዴው ትርፉን፣ ባለግመሉ ኪራዩን፣ ባለጀልባው ዋጋውን ይቀበላል፤ ቀረጥም ይሰበሰባል። ስለዚህ ያ ግፍ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ ሳይሆን የብዙ ሰዎች ድርሻ ነበር።

ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚያው ዓመት ባሮችን ነጻ የማውጣት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ባርነት ፈጽሞ በሕግ ተሻረ። ዳሩ ግን ዐዋጅ ገበያን ይዘጋል እንጂ መንገድን አያጠፋም። ዛሬም ከሸዋና ከወሎ የሚነሡ ወጣቶች በኮምቦልቻና በሎግያ በኩል የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ከታጁራ አልፋ ወደምትገኘው ወደ ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ያመራሉ። ልዩነቱ አንድ ነው። የጥንቱ ሰው ታስሮ ይነዳ ነበር፤ የዛሬው ግን በሬ ተሸጦለት፣ ተመርቆ ይሸኛል።

የመንገዱም ፍጻሜ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መለሰች። በሐምሌ ወር 2017 ዓ.ም. ከ150 የሚበልጡ ሰዎችን፣ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች የሆኑትን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ ሰጥማ ብዙዎቹ አለቁ። በየመንገዱ የተቀበሩትን ግን ማን ቈጠራቸው?

ምናልባት «ደላላው መንገድ አሳየ እንጂ ምን በደለ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በእርግጥ ሰውን በገንዘብ ድንበር ማሻገርና ሰውን አታልሎ ለብዝበዛ ማቅረብ በሕግ ዘንድ ሁለት ልዩ ልዩ ወንጀሎች ናቸው። በበረሃ ግን አንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። አሻጋሪው መንገደኛውን ለሌላ ያስረክባል፤ ሁለተኛው ለሦስተኛው ይሸጠዋል፤ ሦስተኛው ቤት ዘግቶ እየደበደበ በስልክ ለእናቱ ጩኸቱን ያሰማታል። እናትም የቀረውን ላም ትሸጣለች። ያን ጊዜ የሰፈራችን ደላላ «እኔ እስከ ሎግያ ብቻ ነው የማውቀው» ይላል። የዚህ ወንጀል ተንኰል ይህ ነው፤ ሥራው በብዙ አገር ስለ ተከፋፈለ በደሉን በሙሉ የሚሸከም ሰው አይገኝም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? የሕግ ጕድለት አለብን ለማለት አይቻልም፤ ዐዋጅ ቍጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውንም ሆነ የሚያሻግረውን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። ሕግ ግን ያለ ምስክር ዲዳ ነው። ለዚህም አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በሊብያ ባኒ ዋሊድ በተባለ ስፍራ ስደተኞችን አጉረው በማሠቃየት ገንዘብ ያስከፍሉ ከነበሩት አንዱ ኪዳኔ ዘካርያስ በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘው፣ ቀድሞ በእጁ የወደቀ አንድ ልጅ በመንገድ ላይ አይቶ ስላመለከተበት ነው። ባልንጀራው ተወልደ ጎይቶም በ2013 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ኪዳኔ ግን በዚያው በ2013 ዓ.ም. ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበትም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት፣ የልዩ ልዩ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ያዙት። የመንግሥታት ኅብረት ታላቅ ነገር ነው፤ መጀመሪያው ግን ዝም ያላለ አንድ ልጅ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ዝምታ ይበዛል። ልጁ በመንገድ የቀረበት ቤተሰብ ደላላውን አይከስም፤ ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ ወይም ሁለተኛውን ልጅ እንዲልክለት ይፈልገዋል። ይህ ዝምታ ለደላላው ከገንዘብ የሚበልጥ ሀብቱ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ የሚሄደውን ለመውቀስ አልጻፍሁም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ከመቶ 50 በላይ ያመጡት ከመቶው 3.2 ብቻ ነበሩ። መሬቱ ጠቧል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ጦርነትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ደላላ የሚፈልገው በዚህ ሁሉ ተስፋ የቈረጠውን ልጅ ነው። ስለዚህ ፈተና የወደቀውን ልጅ በቤት «አንተ የማትረባ» ማለት ለደላላው ዕቃ አሰናድቶ እንደ ማቅረብ ይቈጠራል። ለጉዞ የተዘጋጀው ገንዘብ ዶሮ ለማርባት ወይም ሙያ ለመማር አይበቃም የሚል ካለ፣ ለማስለቀቂያ የሚጠየቀውን አብሮ ያስላ።

ክቡራን ወላጆች፤ ልጄ ሠርታ ትርዳኝ ማለት ነውር አይደለም። ነገር ግን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የላኪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ 18 ዓመት ላልሞላት ልጅ ዕድሜ ጨምሩልኝ አትበሉ። በደል ከደረሰም መስክሩ። ሕጉ የተበደለውን እንደ ወንጀለኛ አይቈጥርም።

ባሕሩንና የሊብያን መጋዘን እኛ ልንደርስባቸው አንችልም፤ ከረጅሙ ሰንሰለት በእጃችን ያለችው የመጀመሪያዋ ቀለበት ብቻ ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ እርስዋን ዛሬ እንበጥሳት። አልዩ አምባ ላይ የቆሙት አባቶቻችን ሲራራው ሲያልፍ አይተው ዝም ብለው ይሆናል፤ እኛ ግን የሚነዳው የገዛ ወንድማችን ነውና ዝም ለማለት ምክንያት የለንም።