ስም አውጪው ነጋዴ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የጠመንጃን ስም ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው። «የአደን» ወይም «የስፖርት» ካለው አለቀ፤ ብረቱ ክርስትና እንደተነሣ ሁሉ ኃጢአቱ ተሰርዞለት ባሕር ይሻገራል።

ይህን ሳነሳ አንድ ወዳጄ፣ «አንተ ደግሞ! ዓለም በሚሳይልና በድሮን እየነደደች የሚዳቋ መግደያ ምን አንገበገበህ?» አለኝ። ልመልስለት።

እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የናይጄሪያ ጉምሩክ ሌጎስ ውስጥ ኮንቴይነር የጫነ መኪና አስቆመ። የብረት በሮች ጭኖ ነበር፤ ከበሮቹ ጋር ግን 661 ፓምፕ አክሽን ጠመንጃ ወጣ። በዚያው ዓመት በግንቦት 440፣ በመስከረም ደግሞ 1,100 እና 470 ተያዘ። ድምሩ 2,671 ነው። ከቱርክ የመጣው 1,100 ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእጅ መታጠቢያና የመጸዳጃ ቤት ዕቃ ተብሎ ነው። ወዳጄ ሆይ፣ ለመሆኑ ሌጎስ ውስጥ ስንት ሚዳቋ አለ?

«እሱማ ኮንትሮባንድ ነው፤ ሕጉ ምን አጠፋ?» ትለኝ ይሆናል። ሕጉማ አጥፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የቫሰናር ስምምነት የጦር መሣሪያ ዝርዝር አለው። አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ለአደን ወይም ለስፖርት የሚውል፣ ለውትድርና ተብሎ ያልተሠራና አውቶማቲክ ያልሆነ ጠመንጃ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ዝርዝርም ያንኑ ይላል። ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና «የሚውል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ገና ያልተሸጠ ጠመንጃ ምን ላይ እንደሚውል ማን ነገራቸው? ሻጩ! ሰሙ አደን ነው፤ ወርቁን የሚፈታው የሚተኮስበት ሰው ነው። ለአጋዘን የተሠራው የ12 ጌጅ ጥይት ብዙውን ጊዜ ዘጠኝ የእርሳስ ፍሬ ይይዛል። ዘጠኙም አጋዘንን ከሰው አይለዩም።

ዘዴው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የብራስልስ ስምምነት ዘመናዊ ጠመንጃ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ልሙጥ አፈሙዝ ያለውን ባለ ድንጋይ ጠመንጃና ተራ ባሩድ ግን እንዲሸጥ በር ከፍቷል። ጣሊያን የውጫሌን 17ኛ አንቀጽ ይዛ «ኢትዮጵያን የምወክል እኔ ነኝ» ያለችበት ጉባኤ ነው። የቅኝ ገዢውን ሹም የሚያሰጋው ብረት ተከለከለ፤ አፍሪካዊ ከአፍሪካዊ የሚጋደልበት እንደ ጨውና እንደ አቡጀዲ ሸቀጥ ሆኖ ቀረ። ያኔም ልሙጥ አፈሙዝ «ምንም አይል» ተባለ፤ ዛሬም ያው ነው።

ባለሙያዎቹን አልረግምም። የጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ጣሊያኖች ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1526 ጀምሮ፣ ማለትም ከግራኝና ከልብነ ድንግል ዘመን አንሥቶ አፈሙዝ ሲሠሩ ኖረዋል። በቱርክ የቤይሸሂር ገጠሮችም አባት ለልጅ የሚያወርሰው ሙያ ነው። የእጅ ሙያ ይከበራል። ጥያቄዬ የሚጀምረው ዕቃው ከደጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። አዳኝ አንድ ጠመንጃ ይገዛል፣ ቢበዛ ሁለት። ኮንቴይነር ሙሉ የሚያዝ ግን አስመጪ ነው፤ አስመጪ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን ያሳይ፣ መደብሩን ያሳይ፣ የእያንዳንዱን ጠመንጃ ቁጥርና የገዢውን ስም ይመዝግብ። ላኪውም አገር ወረቀት ማኅተም አድርጎ ከመተው ዕቃው የት እንደደረሰ ይጠይቅ።

ይህን ለማለት አዲስ ፍልስፍና አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የፈረሙት የናይሮቢ ፕሮቶኮል፣ በፈንጂ ኃይል ጥይት የሚተፋን በእጅ የሚያዝ ባለ አፈሙዝ መሣሪያ ሁሉ ይቆጥራል። ስሙን ሳይሆን ሥራውን ነው ያየው። እኛ ድሆቹ ያወቅነውን ባለ ፋብሪካዎቹ ማወቅ እንዴት አቃታቸው? አላቃታቸውም፤ አይጠቅማቸውም እንጂ።

ለነገሩ ያ የሌጎስ ወረቀት ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። የእጅ መታጠቢያ ነው ብሎ የለ? ጲላጦስም ታጥቦ ነበር።