በሰው እጅ ያለ ገበያ፦ አጎዋ፣ ሐዋሳና የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ

ስለ ኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሳይመረመር የኖረ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም የበለጸጉ አገሮች ከቀረጥና ከኮታ ነፃ የሆነ የገበያ ዕድል እስከ ሰጡ ድረስ የወጪ ንግዱ ዋና ችግር እንደ ተፈታ፣ ከመንግሥት የሚጠበቀውም ሼድ ገንብቶና ርካሽ ጉልበት አዘጋጅቶ ባለሀብት መጋበዝ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ የሚያስብ ነው። ይህ አስተሳሰብ በዕቅድ ሰነዶችና በኢንቨስትመንት መድረኮች ላይ ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ዕድሉን የሰጠው ማን ነው፣ በምን ሁኔታስ ሊነሣ ይችላል የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢውን ቦታ ሳያገኙ ቀርተዋል። እምነቱ በተግባር የተፈተነበት ዋናው ሥፍራ የሲዳማ ክልል መዲና ሐዋሳ ናት፤ ፈተናውን የወደቀውም እዚያው ነው።

የነገሩ ሥር አጎዋ በሚል አጽሕሮት የሚታወቀው የአሜሪካ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 የጸደቀው ይህ ሕግ ከሰሐራ በታች ያሉ፣ መመዘኛውን ያሟሉ የአፍሪካ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ የምርት ዓይነቶችን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ለልብስ ስፌት ደግሞ ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው፤ በመደበኛው የአሜሪካ ታሪፍ ከጥጥ የተሠራ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ሹራብ 32 በመቶ ቀረጥ ሲከፍል፣ በአጎዋ የሚገባው ግን ምንም አይከፍልም። ከዚህም በላይ የገቢ መጠናቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ጨርቁን ከየትኛውም የዓለም ክፍል አስመጥተው ቢሰፉም ዕድሉ እንዳይነፈጋቸው የሚያደርግ ልዩ ድንጋጌ ተካቶበታል። ይሁን እንጂ ሕጉ በሁለት ወገኖች መካከል የተፈረመ ውል አይደለም። አንድ አገር የገበያ ሥርዓትን፣ የሕግ የበላይነትንና የሰብአዊ መብት አያያዝን የሚመለከቱትን መመዘኛዎች ማሟላቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በየዓመቱ እየመረመረ ይወስናል፤ ውሳኔው ትክክል አይደለም የሚል አገር አቤት የሚልበት የዳኝነት አካልም ሆነ ካሳ የሚጠይቅበት አንቀጽ የለም። የንግድ ስምምነት ማለት ግን ሁለቱም ወገኖች ግዴታ የገቡበት፣ አንደኛው ሲያፈርስ ሌላው የሚጠይቅበት ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ የፖሊሲ ቋንቋ ውስጥ እነዚህ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድነት «የገበያ ዕድል» እየተባሉ ሲጠሩ መኖራቸው ለተከተለው ስሕተት መንገድ ጠርጓል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ተስፋ ማሳያ ተደርጎ ቀርቦ ነበር። 52 ሼዶች ያሉትንና የፋብሪካ ፍሳሽን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት የተገጠመለትን ይህን ፓርክ የቻይናው ሲሲኢሲሲ ኩባንያ ዘጠኝ ወር ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ገንብቶ አስረክቧል፤ ወጪውም ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ገንዘቡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በዓለም የገንዘብ ገበያ ቦንድ ሸጣ በ6.625 በመቶ ወለድ ከተበደረችው 1 ቢሊዮን ዶላር ጋር የተያያዘ ነበር። የታላላቅ የልብስ መለያዎች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ኩባንያ ሲገባ ሌሎች የእስያ አምራቾችም ተከትለውት ገቡ፤ ፓርኩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምርም 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቀደ።

አንድ ሸሚዝ በዚያ ፓርክ ውስጥ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር በቅርበት ማየት የእምነቱን ድክመት ያሳያል። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑና አንገት ላይ የሚሰፋው መለያ ሳይቀር በአብዛኛው ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል ወይም በቀጥታ በከባድ መኪና ተጭኖ ሐዋሳ ይገባል። በሼዱ ውስጥ ጨርቁ ተቆርጦ በመስመር ለተደረደሩ የስፌት መኪናዎች ይከፋፈላል፤ አንዲት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ብቻ፣ አጠገቧ ያለችው ደግሞ እጅጌ ብቻ ትሰፋለች። የተጠናቀቀው ሸሚዝ ተተኩሶና ታሽጎ በመጣበት መንገድ ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ምድር የሚጨመርበት ነገር በዋነኛነት የወጣት ሴቶች ጉልበት ነው። በፓርኩ ውስጥ ጨርቅ የሚያመርት ኩባንያ መግባቱና ከተማዋም ከዚያ ቀደም የራሷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበራት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአዋሽና ከኦሞ የጥጥ እርሻዎች ተነሥቶ በመፍተያና በመሸመኛ በኩል አልፎ የሐዋሳ መስፊያ ላይ የሚደርስ ሰንሰለት በሚገባው ስፋት አልተዘረጋም። ጨርቁን ከየትም ማምጣት ስለ ተፈቀደ ጥጡን የማልማት አጣዳፊነት ጠፋ፤ የቀረጡ ነፃነት እስካለ ድረስ ስሌቱ ያዋጣ ነበርና።

የስሌቱ ሌላው ምሰሶ ደመወዝ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት አንድ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ ደግሞ 207 ዶላር እንደ ነበር አስፍሯል። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከጌዴኦ የገጠር ወረዳዎች እየተመለመሉ የመጡት ወጣት ሴቶች በዚህ ገንዘብ የሐዋሳን የቤት ኪራይ ብቻቸውን መቻል ስለማይችሉ ለሦስትና ለአራት ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ያድሩ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ሥራ የሚለቀው ሠራተኛ ቁጥር በዓመት ውስጥ ከጠቅላላው ኃይል ጋር የሚስተካከል ሆኖ ነበር። ይህን ዝቅተኛ ክፍያ የኢንቨስትመንት ማስተዋወቂያዎች እንደ አገራዊ «ተወዳዳሪነት» ማቅረባቸው በእጅጉ የሚያሳዝን ነው። ሠራተኛን የማያኖር ደመወዝ ተወዳዳሪነት ሊባል አይገባውም፤ የፋብሪካውን ወጪ ከፊል የሚሸፍነው ከገጠር ስንቅ የሚልክላት ቤተሰብ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት የአሜሪካ መንግሥት የሰብአዊ መብት ጥሰትን ምክንያት በማድረግ ኢትዮጵያን ከማሊና ከጊኒ ጋር ከአጎዋ እንደሚያስወጣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 አስታወቀ፤ ውሳኔውም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ጸና። ፒቪኤች በዚያው ኖቬምበር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ገለጸ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ወደ መጡበት ተመለሱ። በጦርነቱ ላይ ምንም ድርሻ ያልነበራትን የሐዋሳ ሰፊ የቀጣው ይህ እርምጃ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ይህ ግልጽ ሊሆን ይገባል። ሆኖም የውሳኔው ኢፍትሐዊነት የፖሊሲ አውጪዎችን ጥፋት አይሸፍንም፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያው የፓርኩ መሠረት ከመጣሉ በፊት ተሰጥቷል። ማዳጋስካር ከ2009ኙ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ በ2010 ከአጎዋ ተሰርዛ የልብስ ኢንዱስትሪዋ ክፉኛ ሲመታ፣ ስዋዚላንድ (ዛሬ ኤስዋቲኒ) በ2015 ስትወጣ፣ የኢትዮጵያ ሹማምንት ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ሩዋንዳ በ2018 ከአጎዋ የልብስ ዕድል የታገደችው ደግሞ የራሷን አምራቾች ለመጠበቅ ስትል በልባሽ ጨርቅ ላይ ቀረጥ በመጨመሯ ነው፤ ይህም ዕድሉን የሚያሳጣው ጦርነት ወይም ግልበጣ ብቻ ሳይሆን የገዛ ኢንዱስትሪን መንከባከብም ጭምር እንደ ሆነ አሳይቷል።

የእምነቱ ተሟጋቾች፣ አጎዋ ባይኖር ኖሮ እነዚያ የሥራ ዕድሎች ከነጭራሹ አይፈጠሩም ነበር፣ ችግሩም ጦርነቱ እንጂ ፖሊሲው አይደለም ብለው ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ነጥብ ትክክል ነው፤ ከመታገዷ በፊት ኢትዮጵያ በአጎዋ አማካይነት በዓመት ከ200 ሚሊዮን ዶላር የበለጠ ዕቃ ወደ አሜሪካ ትልክ ነበር። ሁለተኛው ግን አይጸናም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ አዲስ ቀረጥ ሲያውጅ ምንም ጦርነት የሌለባትና የአጎዋ ተጠቃሚ የሆነችው ሌሶቶ 50 በመቶ ቀረጥ ተጥሎባት፣ በኋላ ወደ 15 በመቶ ዝቅ ተደርጎላታል። በ2015 ለዐሥር ዓመት የተራዘመው የአጎዋ ዘመንም በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሲያበቃ ተጠቃሚዎቹ አገሮች የነገውን ሳያውቁ ቀርተው ነበር። በሰላምም ሆነ በጦርነት የገበያው ቁልፍ ያለው በዋሽንግተን እጅ ነው። ኢትዮጵያ ግን ፓርኮች ከተገነቡበት ብድር ጋር ቀርታለች፤ በዲሴምበር 2023 የዚያኑ ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል አልቻለችም።

ከዚሁ ከሐዋሳ ዙሪያ የሚነሣ ሌላ ምርት አለ፤ የእርሱ ታሪክ ፈጽሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ያልተቆላ ቡና በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት መደበኛ ታሪፍ ቀረጥ የለበትም፤ ስለዚህ የሲዳማ ገበሬ ቡና አጎዋን ፈልጎ አያውቅም፤ በአጎዋ መነሣትም ከገበያ አልወጣም። ገበሬውን የጎዳው ቀረጥ ሳይሆን የስሙ ባለቤት አለመሆኑ ነበር። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን ምልክት አስቀድሞ ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ በጁን 2007 ስታርባክስ የኢትዮጵያን የስም ባለቤትነት የሚያከብር ስምምነት ፈረመ። ይህ ውል ነበር፤ ኢትዮጵያ ባለመብት ሆና ተደራድራ አገኘችው፤ በየዓመቱ የሚመረምረውና የሚሰርዘው ፕሬዚዳንትም የለም። ከዚያ ድል የተገኘው ትምህርት ወደ ሌላው የንግድ ዘርፍ አለመዛመቱ ትልቅ ክፍተት ነው።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የቡናውን ዕጣ የሚወስነው የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ደንብ ነው። ደንቡ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ካልተመነጠረበት ማሳ መገኘቱ እንዲረጋገጥ፣ የየማሳው መገኛም በጂፒኤስ ተመዝግቦ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢገፋም ግዴታው አልቀረም። ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ቡናው ከዜሮ ቀረጥ ጋር እንኳ ይህ መረጃ ከሌለው አውሮፓ አይገባም። የሲዳማ ማሳዎች ጥቃቅንና እጅግ ብዙ በመሆናቸው ምዝገባው ሰፊ የሰው ኃይልና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ወጪውም በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በገበሬው ትከሻ ላይ እንዲወድቅ መተው አይገባም።

ችሮታን እንደ ስኬት የመቁጠሩ ልማድ ዛሬም አልተወገደም። ቻይና ከዲሴምበር 2024 ጀምሮ በማደግ ላይ ላሉ ድሃ አገሮች ምርቶች ሁሉ የሰጠችው ዜሮ ቀረጥም፣ የአውሮፓ ኅብረት ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉንም ዕቃ ያለ ቀረጥ የሚያስገባበት ሥርዓትም የሰጪው ፈቃድ ናቸው፤ ካምቦዲያ ከኋለኛው በ2020 በከፊል መታገዷ መረሳት የለበትም። ጎረቤት ኬንያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የተፈራረመችው የኢኮኖሚ አጋርነት ስምምነት በጁላይ 2024 ሥራ ላይ ሲውል ግን ገበያዋ በውል ታሰረ። ኢትዮጵያ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ (ኮሜሳ) መሥራች አባል ብትሆንም ድርጅቱ በ2000 ከጀመረው ነፃ የንግድ ቀጣና ውጪ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ቆይታለች። ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በ2003 ነበር፤ ድርድሩ ለረጅም ዓመታት ተንቀራፍፏል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትን በ2018 ፈርማ በ2019 ብታጸድቅም በእርሱ መነገድ የጀመረችው በ2025 ነው። ከናይሮቢ ጋር በመንገድ የምትገናኘው ሐዋሳ፣ ሸሚዟን ወደ ኒውዮርክ ስትልክ ወደ ኬንያ ገበያ ለመግባት የሚያስችላትን ውል መጠበቅ አልነበረባትም።

ስለዚህ «አጎዋ ይመለስ» የሚለው ጥያቄ ቢቀርብ የሚጠላ አይደለም፤ ፖሊሲ ሆኖ መቅረቡ ግን መቆም አለበት። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለ ገበያ ዕድሎች ሲዘግብ በውል የተገኘውንና በፈቃድ የተሰጠውን ለይቶ ለሕዝብ ያሳይ። በልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 መሠረት ለፓርኮች የሚሰጠው ማበረታቻም ከአገር ውስጥ ጥጥና ጨርቅ አጠቃቀም ጋር ይያያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጎ ሳለ ወለሉ ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል፤ ለሐዋሳ ሼዶች አዲስ ባለሀብት ከመጋበዙ በፊት ይህ ይፈጸም።