ሁለት አቅራቢ፣ አንድ ድልድይ

የአገራችን ትልልቅ ድርጅቶች የግዢ ክፍላቸውን በአብዛኛው የሚመዝኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዋጋ አስቀንሷል ወይስ አላስቀነሰም? ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ወይም ጨረታ ተከፍቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ካሸነፈ፣ ሥራው በአግባቡ እንደተሠራ ይቆጠራል። ይህ ሚዛን ጎደሎ ነው። ዕቃው በሚፈለግበት ቀን መጋዘን ካልገባ የተገኘው ቅናሽ በአንድ ሳምንት የማምረቻ ማቆም ይበላል። ስለዚህ የግዢ ክፍል ከዋጋው እኩል ስለ አቅርቦቱ ቀጣይነት ሊጠየቅ፣ ለዚያም ሥልጣንና በጀት ሊሰጠው ይገባል። ለዚህ ክርክር ማስረጃ ከካርቱም በገዳሪፍ አድርጎ መተማ የሚደርሰው መስመር ይበቃል።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ መጠቀም አቆመች፤ የወጪና ገቢ ንግዷም ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ቤንዚን መግዛት ሲጀመር ሁለተኛ በር የተገኘ መሰለ። ቤንዚኑ ከካርቱም በስተሰሜን ካለው የጃይሊ ማጣሪያ በቦቴ ተጭኖ በገዳሪፍና በጋላባት በኩል ይገባ ነበር። ሻጩ ጎረቤት አገር ነው፤ መንገዱም ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ይሁን እንጂ የሱዳን ድፍድፍ ዘይት በአብዛኛው የሚወጣው ከደቡብ ነበር። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ካርቱም የነዳጅ ምርቷን ሦስት አራተኛ ያህል አጣች። በ2010 ዓ.ም. የካርቱም አሽከርካሪዎች ራሳቸው ማደያ ደጃፍ ተሰልፈው ይውሉ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያው ሲፈነዳ ማጣሪያው በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀ፤ ጦሩ መልሶ ሊይዘው በተዋጋበት በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በእሳት ጋየ። ውሉን ብቻ ያነበበ ገዢ ይህ ሁሉ ሊታየው አይችልም። አደጋው ያለው ከአቅራቢው ጀርባ፣ እሱ ራሱ ጥሬ ዕቃውን ከሚያመጣበት ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛው አደጋ መንገዱ ነው። መተማ ዮሐንስንና ጋላባትን የሚለያቸው ጠባብ የወንዝ ቦይ ነው፤ የሚያገናኛቸውም አጭር ድልድይ። በዚህ በኩል የሚሄድ ጭነት በሙሉ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ወረፋውን ጠብቆ የሚያልፈው በዚያው ነው። ሱዳን መተላለፊያውን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት የአልፋሽጋ ድንበር መሬት ሳቢያ ዘግታ በተከታዩ ወር ከፈተችው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ መተማ ዮሐንስ በፋኖ ታጣቂዎች እጅ ስትገባ ዳግም ተዘጋ። አንድ ኩባንያ ገዳሪፍ ውስጥ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ተዋውሎ «አማራጭ አለኝ» ቢል ራሱን እያታለለ ነው። ድልድዩ ሲዘጋ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቆማሉ። አማራጭ የሚባለው ሌላ ስም ያለው ሻጭ ሳይሆን በሌላ መንገድ፣ ከሌላ ምንጭ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ከዚያው ቀጠና የሚገዙ፣ የተሻለ የተዘጋጁ ኩባንያዎችም አሉ። ገም አረቢክ የሚባለው የግራር ሙጫ ገዳሪፍን ጨምሮ በሱዳን ሰፊ ቀበቶ ይመረታል፤ አገሪቱ ከዓለም አቅርቦት 70 ከመቶ ያህሉን እንደምትሸፍን ይገመታል። የለስላሳ መጠጥና የከረሜላ አምራቾች ያለ እሱ መሥራት ይቸግራቸዋል። አሜሪካ በ1990 ዓ.ም. በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል እንኳ ሙጫው እንዲገባ መፈቀዱ የጥገኝነቱን ልክ ያሳያል። እነዚህ ኩባንያዎች የሱዳንን አለመረጋጋት ስለሚያውቁ ብዙዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያዘልቅ ክምችት ይይዙ እንደነበር ሮይተርስ ጦርነቱ በተጀመረበት ወር ዘግቧል። ክምችቱ ችግሩን አላጠፋውም፤ ወደ ቻድና ወደ ሌሎች አምራች አገሮች ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ጊዜ ግን ገዛላቸው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ገንዘብን የሚመለከት ነው። ክምችት መያዝ ካፒታል ያስራል፤ በተለይ ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወድዷል፤ ለሁለተኛ አቅራቢ ትንሽ ትዕዛዝ መስጠትም የጅምላ ቅናሽ ያሳጣል። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ዕቃ እኩል ጥንቃቄ አይሻም። ፒተር ክራሊች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ግዢ የሚመደበው ዕቃው ለድርጅቱ ባለው ክብደትና በአቅርቦቱ አስቸጋሪነት ነው። ወረቀትና የጽዳት ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ ይገዙ። ሲጠፉ ማሽኑን የሚያቆሙት ጥቂት ዕቃዎች ግን ተለይተው ይመዝገቡ፤ ክምችቱም ሁለተኛው ምንጭም ለእነሱ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኦዲት ፍርሃት ይመነጫል። ዝቅተኛውን ዋጋ ትቶ ሌላ የመረጠ ሠራተኛ በጥቅም ይጠረጠራል፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው። መድኃኒቱ መስፈርቱን ከጨረታው በፊት መጻፍ ነው። የአቅራቢው የጥሬ ዕቃ ምንጭ፣ የማጓጓዣ መስመሩና መስመሩ ቢዘጋ የሚከተለው ዕቅድ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከነነጥባቸው ይቀመጡ። ያኔ ምርጫው የግለሰብ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ በሰነድ የሚመረመር ውሳኔ ይሆናል። የውል ማስከበሪያ ዋስትና መያዝ ተገቢ ቢሆንም ይህን አይተካም፤ ባንክ ገንዘብ ይመልስ እንደሆነ እንጂ የጠፋ ጥሬ ዕቃ አያመጣም።

«ጦርነት መቼ እንደሚነሳ ማን ያውቃል?» የሚሉም አሉ። ቀኑን ማወቅ ግን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ይህ መስመር ነገ ቢዘጋ ስንት ቀን እንቆያለን የሚለውን ማስላት ነው። የድንበሩን ሁኔታ ከሁሉ ቀድመው የሚሰሙት ደግሞ የቦቴና የጭነት አሽከርካሪዎችና ትራንዚተሮች ናቸው። ወሬያቸው ግዢ ክፍል የሚደርስበት ቋሚ መንገድ በብዙ ድርጅት የለም፤ ግዢው ራሱም በፋይናንስ ሥር ተቀምጦ ጥያቄ የሚደርሰው «አስቸኳይ» ተብሎ ነው። ከጅምሩ በምርት ዕቅድ ላይ ያልተቀመጠ የግዢ ኃላፊ ስጋትን ሊከላከል አይችልም።

ጉዳዩ የአንድ ድርጅት ትርፍ ብቻ አይደለም። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ሲቆም የቀን ሠራተኛው ደመወዝ፣ የአከፋፋዩ ብድርና የሸማቹ ዋጋ አብረው ይናጋሉ። ዛሬ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነው የገቢ ንግዳችን በጅቡቲ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ገዳሪፍ ላይ የታየው ስሌትም ለዚያ መስመር በእኩል ይሠራል። እያንዳንዱ የዳይሬክተሮች ቦርድ ከበጀት ዓመቱ መጨረሻ በፊት የግዢ ኃላፊውን ጠርቶ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ሲጠፉ ሥራ የሚያቆሙት ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከየትኛው ምንጭ በየትኛው መንገድ ይመጣሉ፣ መንገዱ ሲዘጋስ የምንቆየው ስንት ቀን ነው? መልስ የጠፋለት ጥያቄ ካለ፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት መጀመሪያ የሚመደበው ለእሱ መሆን አለበት።